የኪራይ ወላጅ

ባሌን ሐምዱን ጁባ፣ ሀይ ጀላባ ሰፈር ውስጥ የማያውቀው የለም። ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና በጅምላ ያከፋፍላል፤ በችርቻሮ ለመጣም ሰው ፊቱን አያዞርም። ሰው ሲስቅ ይስቃል፤ ሰው ሲጣላ ደግሞ ሳይጠሩት ገብቶ ይገላግላል። እኔ ናዕማ ሚስቱ ነኝ። ስለ እሱ ለማውራት ከእኔ የተሻለ ሰው የለም፤ ብደብቅለት ደስ የሚለኝንም ነገር አውቃለሁና። ይህንን ግን አልደብቅለትም። እሱም ራሱ “ንገሪያቸው” ብሎኛል።

የተወለደው ስልጤ ነው። ገና ልጅ ሳለ አጎቱ መርካቶ አመጣውና ሱቅ በደረቴ አዞረው፤ ማስቲካ፣ ካልሲ፣ መሀረብ። ትምህርቱን ገባ ወጣ እያለ ስድስተኛ ላይ ተወው። ከትምህርት ቤት ግን አልራቀም፤ ደንበኞቹ ተማሪዎች ስለነበሩ ከአንድ ትልቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ላይ አይጠፋም ነበር። ያንን ጉደኛ ሙያውን የተማረው እዚያ በር ላይ ነው።

አዲስ አበባ የተማረ ሰው ያውቀዋል። ተማሪ ሲያረፍድ፣ አጥር ሲዘል፣ ሲደባደብ፣ ዩኒት ሊደሩ “ወላጅ ይዘህ ና” ይለዋል። እቤት ሄዶ ቢናገር የሚጠብቀው ቀበቶ ነው። ስለዚህ በር ላይ ወጥቶ ወላጅ የሚመስል ሰው ያፈላልጋል። ሐምዱ ያኔ ገና ጎረምሳ ቢሆንም ጢሙ ቶሎ ነው የወጣው፤ ከጓደኛው ኮት ተውሶ ጣል ሲያደርግ ቁርጥ አጎት ይመስላል። ምሳ ይጋበዝና አብሮ ይገባል። መጀመሪያ ጥፋቱን ዝም ብሎ ይሰማል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ ድንገት ብድግ ይልና ልጁን በጥፊ ያጮለዋል። “አንተ የማትረባ! እናትህ ላንተ ብላ ስትንከራተት!” እያለ ቀበቶውን መፍታት ሲጀምር፣ ሊቀጣ የተቀመጠው ዩኒት ሊደር ራሱ ተነስቶ እጁን ይይዘዋል። “ኧረ ይተዉት ጌታዬ፣ ልጅ ነው፣ ይታረማል።” በቃ፣ አለቀ። ልጁ ክፍሉ ይገባል።

“ጥበቡ ምን መሰለሽ” ይለኝ ነበር፣ “ከቀጪው በላይ መቆጣት ነው። አንቺ ከባስሽ እሱ ይራራል።” ይህን ጨዋታ ስንቴ እንደሰማሁት አላህ ነው የሚያውቀው። እንግዳ ቤታችን በመጣ ቁጥር ይነሳና፣ አንዴ ዩኒት ሊደሩን አንዴ ልጁን ሆኖ ያስመስለዋል፤ ሰው ሆዱን ይዞ ይንፈራፈራል። እኔም እስቅ ነበር፣ ምን ልዋሽ። አሁን ግን አይጫወተውም። ሰዎች “ሐምዱ፣ እስቲ የመርካቶዋን” ሲሉት ሰበብ ፈጥሮ ወደ መጋዘን ይገባል። ለምን እንደሆነ ነው የምነግራችሁ።

እሱ ጁባ የመጣው ከደቡብ ሱዳን ነፃነት በፊት ነው፣ እኔ ከነፃነቱ በኋላ። ልጅ አላህ አልሰጠንም፤ እዚህ ላይ ተቀምጬ አላለቅስባችሁም። ብቻ ቤታችን ዝም ያለ ቤት ነበር። ዝምታውን የሰበረችው ፕሪሲላ ናት።

አንድ ቀን ሐምዱ ከጫኝና አውራጅ ጋር በአረብኛ ይጨቃጨቃል፤ አንድ ካርቶን ጎድሏል አልጎደለም። ከኋላው አንዲት ቀጭን ረዥም የአገሬው ልጅ ቆማ ሳሙና እየመረጠች ነበር። “ጋሼ፣ ሰውየው እኮ ልክ ነው፤ ካርቶኑ ያውና እግርዎ ስር” አለችው፣ ጥርት ባለ የአዲስ አበባ አማርኛ። ሐምዱ ዞር ብሎ ሲያያት አፉን ከፍቶ ቀረ። ልጅቷ በእናቷ ጀርባ ታዝላ በስደት ኢትዮጵያ የገባች፣ ጎፋ ሰፈር ያደገች፣ እናቷን እዚያው የቀበረች፣ አገሯ ነፃ ሲወጣ ከአባቷ ጋር የተመለሰች ናት። አባቷ ቶንፒንግ ሰፈር አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ሾፌር ነበር። እሷ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። “ጁባ ውስጥ አማርኛ የማወራው ከራሴ ጋር ብቻ ነበር” አለችን። ከዚያ ቀን በኋላ አማርኛዋ ከእኛ ጋር ሆነ።

ከዚያ ወታደሮቹ እርስ በርስ የተታኮሱበት የዲሴምበሩ ተኩስ መጣ። እኛ ሱቁን ከውስጥ ቆልፈን በስኳር ጆንያ መሀል ተኛን። የእሷ አባት የድርጅቱን መኪና ላስገባ ብሎ እንደወጣ ቀረ። አስከሬኑም አልተገኘም። ነገሩ በረድ ብሎ ትምህርት ሲከፈት ሱቃችን መጣችና ስለ ሌላ ነገር እያወራች በመሀል ነገረችን፤ ሁለተኛ አላነሳችውም። “ካቶር ሰፈር፣ አክስቴ ጋ ነኝ” አለችን። እኛም ካቶር አክስቷ ጋ ናት ብለን ተቀመጥን።

ከክፍል ስትወጣ እኛ ጋ ብቅ ትላለች። ምሳ አብረን እንበላለን፤ ሐምዱን በአረብኛው ታሾፍበታለች፣ እሱ ደግሞ “ዶክተርዬ” ይላታል። ለደንበኛ ሁሉ “ልጄ ናት” ይላል። “ያ ሐበሺ፣ አንተ ቀይ እሷ ጥቁር፣ እንዴት ሆነ?” ሲሉት፣ “በእናቷ ወጥታ” ብሎ እኔን ያሳያል፤ እኔ ደግሞ ከእሱ የባስኩ ቀይ ነኝ። ስትሄድ ሁልጊዜ “አክስትሽን ሰላም በይልኝ” እላታለሁ። “እሺ እትዬ” ትለኛለች።

ነገሩ የሆነው በዓመቱ፣ ዝናቡ ጁባን ጭቃ ባደረገበት ሰሞን ነው። አንድ ጠዋት ፊቷ ጭፍግግ ብሎ መጣች።

“ጋሼ፣ ጉድ ሆኛለሁ። የተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ ኃላፊዋ ጠርታኛለች።”

“ምን አጥፍተሽ?”

“ከዘበኛው ጋር ተጨቃጨቅኩ። ቀላል ነገር ነው። ግን ደንቡ ጥብቅ ነው፣ ሊያስወጡኝ ይችላሉ። ቤተሰብ ካለሽ ይዘሽ ነይ ተብያለሁ።”

ወላጅ አምጪ ማለት ነው። አዲስ አበባ የተማረ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ብሎ ይሰማዋል? እሷም እንደዚያው ሰማችው፣ እኛም እንደዚያው ሰማነው። “አክስትሽስ?” አልኳት። “አክስቴ አሟታል፣ አትችልም” አለችና ፊቷን ወደ ሳሙናው አዞረች። ከዚያ ሐምዱን እያየች ትንሽ ፈገግ አለች። “ጋሼ፣ ያችን የመርካቶ ሙያ አልረሷትም አይደል?”

የሐምዱን ፊት ብታዩት! እንደ ሙሽራ ነው የበራው። “እኔ ሐምዱ ልርሳት?” አለ። “አስለቅሳታለሁ ያችን ሴትዮ። እሷው ናት የምትለምነኝ።”

“ጥፊው ግን ይቅር እሺ? እዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አይመታም። እንዳይመቱኝ።”

“እሺ እሺ” አለ እየሳቀ። “ጥፊ የሌለው ቁጣ ጨው የሌለው ወጥ ነው እንጂ።”

“ኧረ ሐምዱ፣ ዩኒቨርሲቲ እኮ ነው፣ ሰፈርህ አይደለም” አልኩት። “ሰው የትም ሰው ነው” አለኝና የዒድ ኮቱን ከሻንጣ አወጣ። እኔ ምን አገባኝ ብዬ ዝም አልኩ። በቦዳ ቦዳ ሞተር ተሳፍረው ሲሄዱ ሁለቱም ይሳሳቁ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን ከራሱ አፍ ነው የሰማሁት፤ እየቆራረጠ ነው የነገረኝ።

ቢሮዋ ጠባብ ናት፤ ጣሪያው ላይ ቬንትሌተር ይዞራል፣ መስኮቱ ስር የማንጎ ዛፍ አለ። የተቀመጠችው ማዳም አያክ የምትባል፣ መነፅር ያደረገች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ተነስታ ነው የተቀበለቻቸው፤ ወንበር ሰጠች፣ ውሃም አስመጣች። ሐምዱ እዚህ ላይ መንቃት ነበረበት። ልትቀጣ የጠራች ሴት ውሃ ታቀርባለች?

“ምኗ ነህ?” አለችው በአረብኛ።

“አባቷ ነኝ። አሳድጌያታለሁ፣ ኢትዮጵያ።”

ሴትዮዋ አንዴ እሱን አንዴ ፕሪሲላን አየችና ፈገግ አለች። “በጣም ጥሩ። ቤተሰብ እንዳላት አናውቅም ነበር። ይኸውልህ፣ ፕሪሲላ ከቤት ውጪ ነው የምታድረው። ብዙ ጊዜ ሆናት። ማታ ማታ ክፍል ውስጥ—”

አላስጨረሳትም። ውጪ ታድራለች! ከዚህ የበለጠ አባትን የሚያስቆጣ ጥፋት አለ? “እጄ ነው የቀደመኝ” ይለኛል። ብድግ አለና በዚያ ጆንያ በሚያነሳ እጁ ፕሪሲላን በጥፊ መታት። “አንቺ ባለጌ! ውጪ ነው የምታድሪው? ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ?” እያለ ቀበቶውን ያዘ። ያዘና ጠበቀ። ዩኒት ሊደሩ ተነስቶ “ኧረ ይተዉት” የሚልበት ቦታ ነው።

ማንም አልተነሳም። ማዳም አያክ ከተቀመጠችበት አልተንቀሳቀሰችም። ፕሪሲላ ጉንጯን ይዛ መሬት መሬት ታያለች። ሐምዱ ቀበቶውን ይዞ መሀል ቤት ቆሟል፤ አይፈታው አይተወው። ላቡ በኮቱ ውስጥ ይንቆረቆራል።

“እጅህን ከቀበቶህ ላይ አንሳ” አለችው ሴትዮዋ፣ ሳትጮህ። “እዚህ ግቢ ውስጥ ተማሪ አይመታም። አባትም ቢሆን።” ከዚያ ፕሪሲላን “ልጄ፣ ውጪ ትንሽ ጠብቂ” አለቻትና በሩን ዘጋች።

“እኛ ልንቀጣት አልጠራናትም” አለችው። “የምታድርበት አጥታ ነው። አክስቷ ወደ ዩጋንዳ ከሄደች ቆየች፤ ቤቱን ባለቤቱ ወስዶታል። ተማሪዎቹ ሲወጡ ተደብቃ አግዳሚ ላይ ትተኛለች፣ ከመንጋቱ በፊት ቧንቧ ጋ ልብሷን ታጥባለች። እርዱኝ ብላ እንኳን አልመጣችም፤ አፍራ ነው። ዘበኛው አሳዝናው ነው የነገረኝ። ቤተሰብ ላጡ ልጆች መኝታ አለን፤ ጥቂት ናት፣ አንድ አልጋ ተለቆልናል። ቤተሰብ ካለሽ ይዘሽ ነይ ያልኳት ያን ለማወቅ ነው።” መነፅሯን አወለቀች። “አሁን አንድ ነገር ንገረኝ። ልጅህ የት እንደምታድር የማታውቅ፣ አንተ ምን ዓይነት አባት ነህ?”

ሐምዱ ይህን ሲነግረኝ እዚህ ላይ ሲደርስ ያቆማል። እስከ ዛሬ ያቆማል።

ምን ይበል? አባቷ አይደለሁም ቢል፣ ልጅቷ ቢሮ ገብታ ዋሽታለች፤ ደንቡ ደግሞ ለዋሸ ተማሪ አይመለስም። እሱም በሰው አገር፣ አባት ነኝ ብሎ ቢሮ ገብቶ የአገሬውን ልጅ የመታ ሐበሻ ነው። በዚያ ሰሞን የውጭ ሰው በየመንገዱ ወረቀት ይጠየቃል። ፈራ። ባሌ ፈሪ ነው አልልም፣ ያን ቀን ግን ፈራ። ሲፈራ ደግሞ የለመደውን አደረገ። የኪራይ ወላጅ መጨረሻ ላይ ቃል ይገባል፤ “ከዛሬ ጀምሮ ከዓይኔ አትጠፋም” ይላል። እሱም አለ።

“ይቅርታ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እቤቴ ክፍል አላት፣ አልጋ አላት። ከዛሬ ጀምሮ ውጪ አታድርም።”

“እርግጠኛ ነህ? በቂ ቦታ አለህ?”

“ወላሂ” አለ። በአላህ ስም ማለላት።

ሴትዮዋ እፎይ አለች። ከልቧ ነው ደስ ያላት፤ ይህ ነው የሚያቃጥለኝ። “እንግዲያው አልጋውን ማንም ለሌላት ልጅ እሰጠዋለሁ” ብላ ጨብጣ ሸኘችው።

ፕሪሲላ የማንጎው ዛፍ ስር ቆማ ነበር። “ምን አለች?” አለችው።

“ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም። አለቀ። ይቅር ተብለሻል።”

“ጋሼ፣ እንዳይመቱኝ ብዬዎት ነበር።”

“ጥፊዋ እኮ ናት ያዳነችሽ” አላት። ሱብሃነላህ! ይህን ሲነግረኝ እጄ ላይ ጭልፋ ነበር፤ አላህ ነው የያዘልኝ። ስለ አልጋው ትንፍሽ አላለም።

ብቻውን ነው የተመለሰው። ገብቶ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀመጠ፤ ኮቱን እንኳን አላወለቀም። ደንበኛ ይጣራል፣ አይሰማም። “ምን ሆነሃል? ተባረረች እንዴ?” አልኩት። “አልተባረረችም” አለ። ደንበኞቹን ሸኝቼ በሩን ገርበብ አደረግኩና ፊቱ ተቀመጥኩ። አንድ በአንድ አወጣሁት።

“አንተ ሰውዬ!” አልኩት። “የምትተኛበት ያጣችን ልጅ አልጋ በአላህ ስም ምለህ ለሰው ሰጠህ?”

“እኛ ጋ ትኖራለች እኮ ናዕማ። የዘይቱን ክፍል እናጸዳለን።”

“መጀመሪያ እሷን ጠይቀሃታል? ይህን ሁሉ አድርገሃት እኛ ጋ ትመጣለች? ሂድ አሁኑኑ፣ ተመለስና እውነቱን ተናገር።”

“ቢያስሩኝስ?”

“ይሰሩህ!” አልኩት። ወላሂ እንደዚያ ነው ያልኩት። ከዚያ ተቀምጬ ማልቀስ ጀመርኩ። በየቀኑ በላችና ሄደች፣ በየቀኑ “አክስትሽን ሰላም በይልኝ” አልኳት፣ እሷም “እሺ እትዬ” ብላኝ አግዳሚ ላይ ልትተኛ ሄደች። አንድ ቀን እንኳን ልሸኝሽ ብያት አላውቅም። ሐምዱ ሳለቅስ አይቶ የዘይቱን ጀሪካን አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረ። ፍራሽ ዘረጋን፣ አጎበር ሰቀልን። ሳይመሽ ሁለታችንም ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ሄደን ቆምን።

ከሰዎች መሀል ስትወጣ አየናት። አንዲት ቦርሳ ይዛለች። ጉንጯ አሁንም አብጧል። ስታየን ቆመች፤ እንደወትሮዋ ሮጣ አልመጣችም።

“ነይ ልጄ፣ ክፍል አዘጋጅተንልሻል፤ እኛ ጋ ትኖሪያለሽ” አላት ሐምዱ።

“አልጋ እንደነበረኝ ለምን አልነገሩኝም?”

ሐምዱ ቦርሳዋን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ፤ አልሰጠችውም።

“የተሰጣት ልጅ የክፍሌ ልጅ ናት” አለች። “እየዘለለች መጥታ ነገረችኝ። የአንቺ ነበር፣ አባትሽ ቤት አላት ስላለ ለእኔ ተረፈ አለችኝ። እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት፣ ሌላ ምን እላታለሁ?”

“ልጄ—”

“ልጄ አይበሉኝ።” ድምጿ አልጨመረም፤ ብትጮህ በተሻለኝ። “አባቴ በሕይወቱ አንድ ቀን መትቶኝ አያውቅም። ጥፊው እኮ አላመመኝም ጋሼ። አባቷ ነኝ ሲሉ ደስ ብሎኝ ነበር። ውሸት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ሴትዮዋ አምና ፈገግ ስትል አባት ያለኝ መሰለኝ። አባቴ ነው ብዬ በገዛ አፌ ሌላ ሰው አሳየሁ። የሟች አባቴን ቦታ ሰጥቼዎት፣ እዚያው እዚያው መቱኝ።”

እኔ እጇን ልይዝ ስል ዝም ብላ አስያዘችኝ፣ ግን እጇ በእጄ ውስጥ እንጨት ነበር። “የት ልታድሪ ነው?” አልኳት። “ጓደኛ አለችኝ” አለችኝ። እንደ አክስቷ የሌለች ጓደኛ መሆኗን አውቄያለሁ። ውሸትሽን ነው ለማለት ግን ምን ፊት አለኝ? ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገችና ወደ ግቢው ተመልሳ ገባች። እኛም የዘረጋነው ፍራሽ ወዳለበት ቤት ሄድን።

በማግሥቱ ሐምዱ በሥራ ልብሱ ወጣ፣ ዱቄት እንደነካው። ኮቱን ላምጣልህ ስለው በእጁ ከለከለኝ። “ካልመጣሁ ሱቁን ዝጊና ለያሕያ ንገሪው” አለኝ። ያሕያ ጎረቤታችን ነው፣ ፖሊስ ጣቢያ ሰው ያውቃል። ልከልክለው አልፈለግኩም።

ቢሮው በር ላይ ተሰልፈው ከሚጠብቁ ተማሪዎች ኋላ ቆሞ ነው የገባው። ማዳም አያክ ያው ወንበሯ ላይ ናት። ተቀመጥ አላለችውም።

“አባቷ አይደለሁም” አላት። “ባለ ሱቅ ነኝ። ትናንት የነገርኩሽ ሁሉ ውሸት ነው። የምትተኛበት የላትም። አልጋዋን መልሺላት፣ እኔን እንደፈለግሽ አድርጊኝ።”

“አውቃለሁ” አለችው። “ትናንት ማምሻውን ራሷ መጥታ ነግራኛለች።”

ከእኛ ተለይታ የገባችው ለዚያ ኖሯል። ሁሉንም በራሷ ላይ ነው የጫነችው። ውሸቱን ያሰብኩት እኔ ነኝ፣ እሱ እንቢ ሲል ለምኜ ነው ያመጣሁት፣ የውጭ ሰው ነውና እባካችሁ ፖሊስ አትጥሩበት ብላለች። ባሌ እንቢ አለ! ኮቱን የሚያወጣበትን ፍጥነት እኔ አይቻለሁ።

“ምታኝ ያልኩትም እኔ ነኝ ብላኛለች” አለች ሴትዮዋ። “እውነት ነው?”

ሐምዱ አዎ ቢል እዚያው ያልቅለት ነበር። ቢያንስ ይህን አላደረገም። “አይደለም” አላት። “እንዳትመታኝ ነው ያለችኝ። ለምናኝ ነበር። እኔ ነኝ።”

“ስለ ውሸቷ ማስጠንቀቂያ ሰጥቻታለሁ፤ አላነሳላትም” አለች። “መኝታው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያጠፋ ተማሪ አግዳሚ ላይ ይተኛ የሚል ደንብ የለንም። የሰጠሁትን አልጋ ከዚያች ልጅ ላይ አልቀማም። ሁለት አልጋ መሀል ፍራሽ አስነጥፌላታለሁ፤ ትናንት እዚያ ነው ያደረችው።”

“አላህ ይስጥልኝ” አለ ሐምዱ። ከዚያ ቆሞ ቀረ። “እኔንስ?” አላት።

“አንተን ምን?”

“ቅጣት አለኝ አይደል? ፖሊስ ጥሪ። ወይ እዚህ ተማሪው ሁሉ ባለበት ስደቢኝ። የሆነ ነገር በይኝ።”

“ፖሊስ እንዳልጠራ ለምናኛለች፣ እሺ ብያታለሁ። ሌላም ለምናኛለች፤ ግቢ ውስጥ እንዳትመጣባት። አልጠላችህም። ስታይህ የምታፍረው እሷ ናት፣ አንተ ካደረግኸው በላይ።” መነፅሯን አደረገችና “ቀጣዩ ይግባ” አለች ወደ በሩ።

እኔ ሱቅ በር ላይ ቆሜ መንገዱን ሳይ ነው የዋልኩት። በእግሩ መጣ፤ ያን ሁሉ ጭቃ በእግሩ። ፖሊስ አለመኖሩን ሳይ አልሐምዱሊላህ አልኩና ሮጬ ክንዱን ያዝኩት።

“ምን ቀጡህ?” አልኩት።

“ምንም” አለ።

“እንዴት ምንም? ተቆጣችህ?”

“አልተቆጣችኝም” አለ ሐምዱ። “ልወጣ ስል ነው የነገረችኝ። አባቷ ብትሆን ኖሮ እቆጣህ ነበር አለችኝ።”